የሲጋራ ሐራራ ስንት ይመዝናል?

«ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ምሳሌው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከማዕድ የሰረቀውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት እጁን ወደ ማዕዱ የላከው ኀይል ምን እንደ ሆነ መርምሮ መረዳት ደግሞ ይገባል። በዚህ ወር በዓምዳችን ልንነጋገርበት የመረጥነው ይኸው እጅን የሚልከው ኀይል ነው። ስሙንም ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሐራራ ይባላል።

ትምባሆ በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ የተነቀፈ መሆኑን፥ አፄ ዮሐንስ አራተኛም በዘመነ መንግሥታቸው፥ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም.፥ በብርቱ ቅጣት መከልከላቸውን አንባብያን ታውቃላችሁ። ሳንባንና ልብን የሚያበላሽ መሆኑንም ሐኪሞች ሳይታክቱ ይነግሩናል። ስለዚህ ክፉ ነው ለማለት ብቻ ብዕር አናነሣም። ክፉ መሆኑን እያወቀ የማይተወው ወንድማችን ግን ምን እንደሚሰማው የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

አስቀድመን ሦስት ቃላትን እንለያቸው። ልማድ ማለት ልብ ሳያዝዝ እጅ ብቻውን የሚፈጽመው ሥራ ነው። ሱስ ማለት ሰውነት ያንን ነገር ሲያጣ የሚታወክበት፥ ሲያገኝም ወደ ልኩ የተመለሰ የሚመስልበት የኑሮ ሁኔታ ነው። ሐራራ ግን የሰዓት ነገር ነው፤ ይነሣል፥ ይበረታል፥ ይበርዳል። ቡናው የዘገየባቸው እናት ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው፥ ሰው ሲያናግራቸው እየተቈጡ ሲቀመጡ ያየ ሁሉ ሐራራ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። የሲጋራውም ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን ይበልጥ ተመላላሽና ይበልጥ ጨካኝ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን የራሳችን ጥፋት ነው። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሒሳብ መምህር አሉ። ትምህርታቸው ጥሩ፥ ጠባያቸውም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በሲጋራ ሱስ የተያዙ ነበሩ፤ የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሁሉ ቀድመው ወደ ውጭ ይወጡና ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያጨሱ ነበር። ታናሽ ልጃቸው አስም አለባት። ባለቤታቸውም ስለ ልጂቱ ብለው ብዙ ጊዜ ለምነዋቸዋል።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ እኚሁ ሰው በጾሙ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልና ውኃ እንደማይቀምሱ ሁሉ ሲጋራም ወደ አፋቸው አያደርሱም ነበር፤ ፊታቸውም አይጠቁርም። ጾሙ ሲፈታ ግን ከደወል እስከ ደወል መቈየት ያቅታቸው ነበር። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል፥ ሌሎች ባልደረቦች እየሰሙ፥ «ለጾሙ ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚችሉ ሰው፥ ለልጅዎ ሲሆን አንድ ሰዓት የማይችሉት ፈቃዱ ስለሌለዎት ነው» ብለን በድፍረት ተናገርናቸው።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «የታገሥሁ እንዳይመስልህ። በጾም ቀን እኮ አያምረኝም። የሚያንገበግበኝ ማጨስ በምችልበት ቀን ነው። በጾሙም ቢሆን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲጠጋ ይነሣብኛል፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ሊፈጸም ሲል» አሉን። እኛም ሳቅን፤ ሰበብ መሰለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሻይ መጠጣት ተዉ። የትምህርቱ ዘመን እንዲሁ አለፈ።

በኋላ ስለ ሱስ የተጻፈውን ስንመረምር የተረዳነው፥ የሳቅንበት ቃል የተማሩ ሰዎች ለክተው የደረሱበት እውነት መሆኑን ነው። ነገሩን ከሥሩ እንናገር።

የሲጋራ ጢስ ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ኒኮቲን የተባለው ቅመም ከደም ጋር ተቀላቅሎ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ከአንጎል ይደርሳል። በዚያም ሰውነት ለራሱ መልእክተኛ የሠራቸውን በሮች ይከፍትና ዶፓሚን የሚባለው ቅመም እንዲፈስስ ያደርጋል። አንጎልም ያንን ደስታ ከቦታው፥ ከሰዓቱ፥ ከሽታውና አብሮ ከተቀመጠው ሰው ጋር አያይዞ ይመዘግበዋል። ሲጋራ በበዛ ቍጥር እነዚያ በሮች ይበዛሉ፤ የበዙትም ባዶ ሲሆኑ ይጮኻሉ። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ እኩሌታው ይጠፋል። ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ አጫሽ ጧት ሲነቃ ኒኮቲኑ አልቆበት የሚነሣውም ስለዚህ ነው። ማጨሱን ያቋረጠ ሰው ይቈጣል፥ ይጨነቃል፥ ሐሳቡ ይበተናል፥ እንቅልፍ ያጣል፥ ምግብ ያምረዋል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ አብዛኛውም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀልላል። ሐራራው ግን ከወራት በኋላም ቢሆን ድንገት ሊጐበኝ ይችላል።

እንግዲህ ይህ ነገር በምን ይለካል? ለትኵሳት መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ለደም ግፊትም አለ። ለሐራራ ግን መርፌ ያለው መለኪያ የለም። በትንፋሽ ውስጥ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን የሚለካ መሣሪያ ሰውየው ምን ያህል እንዳጨሰ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንዳማረው አይናገርም። ስለ ሐራራ የሚመሰክረው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ምስክሩን ማመን ነው፤ እኛም የተላለፍነው ይህን ሕግ ነው።

መለኪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሱሱ የታሰረበትን የገመድ ውፍረት ይለካል፤ ሁለተኛው ገመዱ በዚህች ሰዓት ምን ያህል እንደሚስብ ይለካል።

የገመዱን ውፍረት ለመለካት ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ካርል ኦሎቭ ፋገርስትሮም የተባለ የስዊድን የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው መጠይቅ ነው፤ በ1991 ተሻሽሎ ስድስት ጥያቄ ሆኗል። የመጀመሪያው ከእንቅልፍ በነቃህ በስንት ደቂቃ ታጨሳለህ ይላል፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ቢሆን 3 ነጥብ፥ እስከ 30 ደቂቃ ቢሆን 2፥ እስከ 60 ቢሆን 1፥ ከዚያ በላይ ቢቈይ 0። ሁለተኛው በቀን ስንት ሲጋራ ይላል፤ እስከ 10 ቢሆን 0፥ እስከ 20 ቢሆን 1፥ እስከ 30 ቢሆን 2፥ ከዚያ ቢበልጥ 3። የቀሩት አራቱ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ አላቸው፤ በተከለከለ ቦታ መታገሥ ያስቸግርሃልን? ለመተው እጅግ የሚከብድህ የጧቱ የመጀመሪያው ሲጋራ ነውን? ከቀኑ ይልቅ በጧቱ ሰዓቶች ታበዛለህን? ታምመህ ከአልጋ ብትውልም ታጨሳለህን? ድምሩ ከ10 አይበልጥም። እስከ 2 ያለው ሱሱ በጣም ቀላል ነው፤ 3ና 4 ቀላል፥ 5 መካከለኛ፥ 6ና 7 ከባድ፥ ከ8 እስከ 10 በጣም ከባድ ይባላል። ስንት ሲጋራ ታጨሳለህ ከሚለው ጥያቄ ጋር ስንት ደቂቃ ትቈያለህ የሚለው እኩል መከበሩን ልብ ማለት ይገባል። ጥቂት የሚያጨስ ሰው ሁሉ ቀላል ሱስ አለበት ማለት አይደለም።

የስበቱን ኀይል ለመለካት ደግሞ ስቲቨን ቲፋኒና ዴቪድ ድሮብስ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1991 ባለ 32 አሳብ መጠይቅ አወጡ፤ በ2001 ወደ 10 አሳብ አጠረ። አጫሹ እያንዳንዱን አሳብ እያነበበ ከ1 እስከ 7 ባለው ቍጥር ምን ያህል እንደሚስማማበት ይመልሳል። ከዚህ መጠይቅ የተገኘው ታላቅ ትምህርት ሐራራ ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው ደስታን ተስፋ የሚያደርግ ፊት ነው፤ ሰውየው ከቡና በኋላ ብታጨስ እንዴት ደስ ባለህ ይባላል። ሁለተኛው ከጭንቀት ማምለጥን የሚሻ ፊት ነው፤ ይህን ንዴት የሚያበርድልህ ሌላ የለም ይባላል። ሁለቱ ፊቶች የተለያዩ ስለ ሆኑ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው፤ ደስታን የሚሻውን በሌላ ደስታ፥ ጭንቀት የያዘውን ጭንቀቱን በማቅለል እንጂ በአንድ ስብከት ሁለቱን መመለስ አይቻልም።

ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ ግን ለማንኛውም ቤት የሚሆን ነው። ምንም አያምረኝም ቢል 0፥ ከዚህ በላይ ሊያምረኝ አይችልም ቢል 10 ብሎ በመካከሉ ያለውን ቍጥር መናገር ነው። ይህም በሰዓቱ መጻፍ አለበት። ማታ ተቀምጦ የጧቱን ሐራራ የሚያስታውስ ሰው የጧቱን ሳይሆን የማታውን ስሜቱን ይናገራል፤ ስለዚህ ነው ተመራማሪዎች አጫሾቹ ትንሽ መሣሪያ ይዘው ስሜታቸውን በየሰዓቱ እንዲመዘግቡ የሚያደርጉት።

አሁን ወደ ወዳጃችን ቃል እንመለስ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሬዑቨን ዳር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰንበት ቀን ፈጽሞ የማያጨሱ ሃይማኖተኛ አይሁድን ጠየቁ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ሰዎቹ ሐራራቸው የተለካው በሦስት ልዩ ልዩ ቀኖች ነበር፤ በሰንበት፥ እንደ ልባቸው ባጨሱበት የሥራ ቀንና አታጭሱ በተባሉበት የሥራ ቀን። በሰንበት ጧት ሐራራቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሰንበቱ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን እየጨመረ ሄደ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆችን በአጭርና በረጅም በረራ መረመሩ። ሐራራውን ያበረታው ያለ ሲጋራ የቈዩበት የሰዓት ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ በረጅሙ በረራ ይበልጥ በነበረ። ነገር ግን አጭሩ በረራ ሊያልቅ ሲል የነበረው ሐራራ በረጅሙ በረራ በዚያው ሰዓት ከነበረው ይበልጥ ሆኖ ተገኘ። በር የሚከፈትበት ሰዓት ሲቀርብ ሐራራ ይነሣል፤ በሩ ዝግ መሆኑን በእርግጥ ሲያውቅ ይተኛል።

ወዳጃችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተናገሩት ይህንኑ ነበር። ሰበብ አልነበረም፤ ምስክርነት ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን ሁሉ የአሳብ ነገር ነው ብንል ሁለተኛ ስሕተት እንሳሳታለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው አንዳንድ አጫሾች ምኞቱ ጠፍቶላቸው ማጨሱን በቀላሉ ወዲያው እንደ ተዉ አሳይቷል። እንግዲህ ሐራራ በሥጋም ውስጥ ሥፍራ አለው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም እንደ ማስቲካ የሚታኘከው ኒኮቲን ብዙ ሰዎችን ለመተው መርዳቱ ተረጋግጧል፤ በሐኪም ምክር ይህን መጠቀምም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጾምም ለነፍስ ተሠራ እንጂ ለሱስ መድኃኒትነት አልተሠራም፤ የጾሙ ምሳሌ ግን ተስፋ የሐራራ ማገዶ መሆኑን ያስተምረናል።

ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ወዳጃችን ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ባሉበት፥ «ያን ቀን እውነቱን ነግረውን ሳቅን፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እርሳቸውም ቂም አልያዙም፤ ይልቁንም እንደ ሒሳብ መምህርነታቸው ነገሩ ደስ አላቸውና ባለ መስመር ደብተር አውጥተው በአግድም ሰዓቱን፥ በቁም ከ0 እስከ 10 ያለውን ቍጥር አሰመሩ። በፋገርስትሮም መጠይቅ ራሳቸውን ቢመዝኑ 5 ሆኑ። የሁለት ሳምንቱ መስመርም ሦስት ተራራ አወጣ፤ ጧት ሲነቁ 8፥ በአራት ሰዓቱ የዕረፍት ደወል 9፥ ከራት በኋላ 7። በሚያስተምሩበት ሰዓት ግን ከ2 አይበልጥም ነበር። «ደወሉን የሚጠብቀው ተማሪው ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያም ሐኪም አማክረው፥ የሚተዉበትን ቀን ቈረጡ። ከራት በኋላ አንድ ብቻ ላስቀር የሚለውን አሳብ ጣሉት፤ ያቺ አንዲት ቀኑን ሙሉ ተስፋ እየሆነች እንደምትስባቸው ከመስመሩ ተረድተዋልና። በእንግሊዝ አገር በ697 አጫሾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ በአንድ ቀን ካቋረጡት በ4ኛው ሳምንት 49 ከመቶው፥ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ደግሞ 39 ከመቶው ሳያጨሱ ተገኝተዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የኒኮቲን መድኃኒትና ምክር ያገኙ ነበር።

መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በሦስተኛው ወር ከዘመድ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ሰው ሲጋራ ዘረጋላቸው፤ ተቀበሉም። ማታ በደብተሩ ላይ «9፤ ልቅሶ፤ አንድ» ብለው ጻፉ እንጂ አልደበቁም። ባለቤታቸው ጽሑፉን አይተው ሊቈጡ ሲሉ ቃላቸውን ዋጡና፥ «አሁንስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። «4» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ጥያቄው ይኸው ሆነ፤ ታናሺቱ ልጅ እንኳ አባቷ ከሥራ ሲገቡ፥ «አባባ፥ ዛሬ ስንት ነው?» ትላለች። ዛሬም አንዳንድ ቀን 3 ይላሉ። ዜሮ ሆነ ብለን ልንዋሽ አንወድም። ሲጋራ ግን ወደ ቤቱ ከገባ ዓመት አልፎታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን እንዳይናገር ያደረግነው እኛ ሆነን እንዳንገኝ እንጠንቀቅ። አጫሽ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው። ፈቃድ የለህም ከማለት ይልቅ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጠውንም ቍጥር እመኑ። ደስታ ነው ወይስ ጭንቀት የሚያነሣሣው ብላችሁ ለዩ። ከፍ ያለው ሰዓት ሲታወቅ በዚያ ሰዓት አታስቀምጡት፤ ወደ ውጭ አውጡት፥ አነጋግሩት፥ ሥራ ስጡት። ሐራራ ሲበረታ ዘላለማዊ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚናገረውን የቍጣ ቃል እንደ ጠባዩ አትቍጠሩበት። ድምሩ 6 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፥ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፥ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን ከመታገል ይልቅ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሸክሙ ስንት እንደሚመዝን ያልጠየቅነውን ሰው ለምን አልተነሣህም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ፈርደን አፍረናል፤ እናንተ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እስከሚመጣው ወር ቸር ያሰንብተን።